ራስጌዋ ወደ ምሥራቅ

አባቴ በመጨረሻዎቹ ወራት ምሽት ላይ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነበረው። እራቱን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ካስተካከለ በኋላ በሩን እያየ፣ «ቀበራችኋት?» ይላል። እናታችንን ማለቱ ነው። እናቴ የሞተችው እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው፤ አሁን እኔ ራሴ ሸብቻለሁ። ለእሱ ግን መርዶው ገና ዛሬ ነው የደረሰው።

«ቀብረናታል፣ አባባ» ይለዋል ወንድሜ።

«የት?»

እዚህ ላይ ወንድሜ ወደ እኔ ያያል፣ እኔ ወደ ሳህኑ አያለሁ። የት እንደተቀበረች ሁለታችንም አናውቅም። ከቤተሰቡ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ረስቶታል። ዝም ስንለው ያለቅሳል። ሽማግሌ ሰው ገና ዛሬ ሚስቱ እንደሞተችበት ሆኖ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። በማግስቱ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደገና ይጀምራል።

እናቴ ስትሞት አባቴ እስር ቤት ነበር። ጴንጤ መባል የሚያሳስርበት ዘመን ነው። ቡታጅራ ውስጥ በራቸውን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚዘምሩ ጥቂት ቤተሰቦች አንዱ የእኛ ነበር። አባቴን ሲወስዱት እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ነገሩ እስኪበርድ ብላ አገና ከተማ አክስታችን ዘንድ ላከችን። ነገሩ ሳይበርድ እሷ በትኩሳት ሞተች። ስንመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ የበርበሬ ጆንያዎቿ ተነስተው፣ ለቅሶውም አልቆ ጠበቀን።

በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ከእሷ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከገበያ ስትገባ በመዳፏ አትነካኝም ነበር። በርበሬው እንዳያቃጥለኝ እጆቿን ገልብጣ፣ በእጆቿ ጀርባ ብብቴ ሥር ይዛ ነው የምታነሳኝ። ፊቷ ጠፍቶብኛል። ፎቶግራፍም የላትም። ይህን ስጽፍ እንኳ እናደዳለሁ፤ በማን ላይ እንደምናደድ ግን አላውቅም።

አባቴ ከተፈታ በኋላ የሲሚንቶ ሥራ ጀመረ። ብሎኬት ያመርታል፣ የውሃ ገንዳ ይሠራል፣ የመቃብር ድንጋይም ያወጣል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በሚስማር ነው የሚጽፍበት። ከከተማው ዳር ባለው የአማኞች መቃብር ከቆሙት ድንጋዮች አብዛኞቹ ከእሱ እጅ የወጡ ናቸው። ለእናታችን ግን ድንጋይ አላቆመም፣ መቃብሯንም አላሳየንም። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ለምን አልኩት። «የት እንዳለች እኔ አውቃለሁ» አለኝና ሲሚንቶውን ማማሰሉን ቀጠለ። አባቴ ሁለተኛ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ቁጭቱ ግን አብሮኝ አደገ። ለሰው ሁሉ ድንጋይ የሚያቆም ሰው ለገዛ ሚስቱ እንዴት ይሰስታል እያልኩ፣ ወልቂጤ ሄጄ አስተማሪ ሆኜ፣ ልጆች ወልጄ፣ ቁጭቱን ይዤው ኖርኩ።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንደ ልማዴ አባቴን ላስታምም ወደ ቡታጅራ መጣሁ። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን መቃብሩ ሞልቷልና ሊዘጋ ነው ብላ አስታወቀች። አዲስ ቦታ ከከተማው ውጭ ተሰጥቷል። በአሮጌው መቃብር ከእንግዲህ የሚቀበረው የትዳር ጓደኛው እዚያ ያረፈ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የጓደኛው መቃብር ከታወቀና ከተመዘገበ ከጎኑ ቦታ ይያዝለታል። አባቴ አእምሮው ሙሉ ሳለ ስለ ሞቱ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከእሷ ጎን» ብሎ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ልቡ ደክሟል፣ ብዙ አትጠብቁ ብሎናል።

ድንጋዮቹን የሚመዘግብ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴ እንደምታውቁት ነው፤ ለስብሰባ ሁሉም ይመጣል፣ ጭቃ ለመርገጥ ግን ሁሉም ጉልበቱን ያመዋል። እኔ ልሥራው ስላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደስ አላቸው። «ጌታ ይባርክሽ፣ እህታችን። የአስተማሪ እጅ ነው የሚያስፈልገው» አሉኝ። ለበረከት ብዬ እንዳልሆነ አልነገርኳቸውም። እናቴን ፍለጋ ነው የምገባው።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሣሩን በማጭድ አነሳለሁ። ቀጥዬ ድንጋዩን በውሃና በጫማ ብሩሽ አሻለሁ፤ ክረምቱ ያበቀለው የድንጋይ ሽበት በየፊደሉ ገብቶ አረንጓዴ አድርጎታል። ሲደርቅ ጠመኔ በጎኑ አጋድሜ ላዩን እቀባዋለሁ። ያኔ የተቦረቦረው ፊደል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ዝናቡ ሲመጣ ፕላስቲክ ለብሼ ቁጭ እላለሁ፤ ሲያባራ ከጠመኔው እጀምራለሁ። አላፊ አግዳሚው ምን ትሠራለች ብሎ ያየኛል፤ አንዳንዱም ሐዘን ላይ ያለሁ መስሎት «እግዜር ያጥናሽ» ብሎኝ ያልፋል። አሜን እላለሁ።

እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ የአባቴ እጅ አለ። ሰውዬው ቦታ መገመት አይችልበትም ነበር። ሲጀምር ፊደሉን ዘና አድርጎ ያሰፋዋል፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ቦታ ያልቅበትና «በጌታ አንቀላፋ» የሚለው ተጨናንቆ ጠርዙ ላይ ይንጠለጠላል። በየድንጋዩ ያው ስህተት ነው፤ በሚቀጥለው እንኳ አይማርም። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ የአንዲት ሕፃን ድንጋይ ላይ ደረስኩ። እዚያ ላይ ፊደሎቹ አልተጨናነቁም፤ የሚጻፈው ትንሽ ስለነበረ ቦታው ተርፎት ባዶ ቀርቷል። ጠመኔውን አስቀምጬ አለቀስኩ። እናቷን አውቃታለሁ፤ እስከ ዛሬም ገበያ አያታለሁ፤ ልጅ ቀብራ እንደነበር ግን አላውቅም ነበር።

ድንጋይ የሌላቸውን የአፈር ጉብታዎች ቤተሰቦች እየመጡ አሳዩኝ። ይሄ የአያታችን ነው፣ ያ የአጎታችን ነው እያሉ። ሁሉም ራስጌያቸው ወደ ምዕራብ ነው። ለትንሣኤ ሲነሱ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ነው የቀድሞዎቹ እንደዚህ ያደረጉት። በራስጌ በኩል ድንጋይ ወይም እንጨት አለ፣ በግርጌ በኩል ምንም የለም። አንድ ባንድ ባለቤት ተገኘላቸው። በየቀኑ የቀረው ሲያንስ የእኔም ተስፋ አብሮ ያንሳል። በመጨረሻ የእናቴ የምለው ጉብታ አጣሁ።

ያልመዘገብኩት አንድ ብቻ ነበር። መቃብራችን በአንድ ወገኑ ከአንድ ሙስሊም ገበሬ ቤተሰብ መቃብር ጋር ይዋሰናል፤ መሬቱን ለእኛ ሰዎች ቆርሰው የሰጡት እኚያ ገበሬ እንደሆኑ ሁላችንም ስንሰማ ነው ያደግነው። ድንበሩ የቅንጭብ አጥር ነው። ከቅንጭቡ ወዲህ፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ ጉብታ አለ። ያልተጠረበ ድንጋይ ቆሞበታል፤ ድንጋዩ ግን በምሥራቅ በኩል ነው ያለው። ሁሉም ግርጌያቸው በሆነበት በኩል የዚህ ራስጌ ነው ያለው።

ሽማግሌውን አሳየኋቸው። «ይሄ የእኛ አይደለም፣ እህቴ። የሙስሊም አቀባበር ነው። ተይው» አሉኝ።

ተውኩት። በማግስቱ ግን የገበሬው ልጅ በቅንጭቡ በኩል ሲያልፍ አገኘሁት። በእኔ ዕድሜ ያለ ነው፤ ከተማ ውስጥ ሱቅ አለው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ ይህቺ የእናንተ ሳትመዘገብ እንዳትቀር ብዬ ጉብታውን አሳየሁት።

«የእኛ አይደለችም፣ ቲቸር» አለኝ። «የእኛ ሙሉ በሙሉ ከቅንጭቡ ወዲያ ነው። አባቴ አንድ ባንድ አሳይቶኛል። ይህቺን የእናንተ ናት ብሎኛል።»

«የእኛም አይደለችም ተብያለሁ።»

ሁለታችንም ጉብታውን አየነው። አንዱም ወገን የእኔ የማይለው ሰው እዚያ ተኝቷል።

«እናቴ በሕይወት አለች» አለኝ። «እሷን ብንጠይቅስ?»

እናቱ መስጊዱ አጠገብ ባለው ቤታቸው ጅባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ልጃቸው «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ገባ፤ መቃብር የምትመዘግበው ቲቸር ናት፣ ስለዚያ ከቅንጭቡ ወዲህ ስላለው ልትጠይቅሽ ነው አላቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሲሚንቶ ሠሪው» አልኳቸው።

እጄን ፈልገው ያዙት። ገልብጠው በአውራ ጣታቸው መዳፌን ዳሰሱት። «የበርበሬዋ ልጅ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ። «ገበያ ላይ ጎን ለጎን ነበርን። ለሰላት ስነሳ እሷ ትሸጥልኛለች፤ እሷ ለጸሎቷ ስትሄድ እኔ እሸጥላታለሁ። አባትሽ ከታሰረ በኋላ ሰው ሸሻት። ስትታመም እኔ ነበርኩ ውሃ የማቀብላት። ስትሞት ደግሞ የሚቀብራት ጠፋ። እድሩ ከሰረዛት ቆይቷል። የእምነት ሰዎቿ ግማሹ ታስሯል፣ ግማሹ ተደብቋል። ባሌ፣ አላህ ይማረውና፣ ሰው እንዴት ሜዳ ላይ ይቀራል ብሎ አካፋውን አነሳ። ዝናብ ነበር። እኔ አጠብኳት። ከጥፍሯ ሥር በርበሬው አልወጣ አለኝ፤ እኔንም አቃጠለኝ። በእናንተ ወግ እንዴት እንደሚቀበር ማን ይንገረን፣ ልጄ? የምናውቀው የእኛን ነው። በቀኝ ጎኗ አስተኛናት፤ ፊቷን ወደ ቂብላ አደረግነው። ዱዓ ብናደርግላት ቅር ይላት ይሆን ብለን ፈራን። ባሌ ‹ያ አላህ፣ እንደ ልቧ አድርግላት› አለ። በቃ፣ እሱ ብቻ ነው።»

ሙስሊሞች ሲሰግዱ የሚዞሩበት ቂብላ በእኛ አገር ወደ ሰሜን ነው። በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው ራስጌው ወደ ምሥራቅ ይሆናል። ይህን እዚያው ጅባው ላይ በጣቴ ሣልኩትና ገባኝ። እናቴ ተሳስታ አልተኛችም። የሚወዷት ሰዎች በሚያውቁት መንገድ አስተኝተዋታል።

«ያን ጊዜ እዚያ ሌላ መቃብር አልነበረም» አሉ እማማ። «የእናንተ ሰዎች ከእሷ በኋላ ነው የመጡት። ‹እሷን ካስተኛችሁ እኛንም አስጠጉን› ብለው ለመኑት፤ ባሌም ቆርሶ ሰጣቸው።»

«አባቴስ?»

«ሲፈታ መጥቶ አሳየነው። በኋላ ድንጋይ ሠርቶ በጋሪ ይዞ መጣ። የትኛው ጫፍ ላይ እንደሚያቆመው ግራ ገባው። ራስጌዋ ላይ ቢያቆመው ሰዎቻችሁ ተገልብጣለች ብለው ሊያወጧት ነው። ግርጌዋ ላይ ቢያቆመው ደግሞ ውሸት ነው። እስኪመሽ ተቀምጦ ድንጋዩን ይዞ ተመለሰ። ማንም አይንካት አለን። እኛም ለማንም አልተናገርን።»

እዚያ ቤት ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዕድሜ ልኬን በአባቴ ላይ የያዝኩት ቁጭት በአንድ ከሰዓት አለቀ፤ ቦታው ግን ባዶ ሆኖ አልቀረም፣ ሐዘን ገባበት። ያን ድንጋይ በኋላ በአባቴ ወርክሾፕ ግቢ ፈለግኩት። ወንድሜና እኔ ያልገለበጥነው ንጣፍ የለም። አላገኘነውም። ምናልባት ሰባብሮ ከሌላ ሲሚንቶ ጋር አቡክቶታል፤ ምናልባት የሌላ ሰው ድንጋይ ሆኖ እዚያው መቃብር ላይ ቆሟል።

በማግስቱ እማማን በባጃጅ ወሰድናቸው። ጭቃው ባጃጁን እስከ ቅንጭቡ አላስገባው ስላለ ልጃቸው ደግፎ አደረሳቸው። ሽማግሌው እየጠበቁን ነበር። እማማ በዱላቸው ጉብታውን ነክተው፣ ይህቺ ናት፣ እኔ ነኝ ያጠብኳት አሉ። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ ጌታ ይመስገን፣ ተገኘች» አሉ በመጨረሻ። «ድንጋዩን ነቅለን በምዕራብ በኩል እናቁመው። እንደ ወንድሞችና እህቶች ሁሉ ይሁን። የውስጡን ጌታ ያውቃል።»

«የውስጡን ጌታ ካወቀው ለማን ብለን ነው የምናዞረው?» አልኳቸው። «ይህ ሁሉ ሰው የተኛበት መሬት የተገኘው በእሷ ነው። እሷ አይደለችም የተገለበጠችው። ሌሎቹ ናቸው ከእሷ በኋላ መጥተው በሌላ በኩል የተኙት።»

የገበሬው ሚስት በነበሩት እማማ ፊት እንዲህ ማለቴ ሽማግሌውን አሳፈራቸው መሰለኝ። ቆይተው ግን ፈገግ አሉ። «የአባትሽ ልጅ ነሽ» አሉኝ። «መዝግቢው።» ራስጌዋ ወደ ምሥራቅ ብዬ መዘገብኩ። ከተቀበሩት ሁሉ የመጀመሪያዋ ብዬም ጨመርኩበት።

በዚያ ምሽት አባቴ እራቱን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ በሩን እያየ ጠየቀ።

«ቀበራችኋት?»

«ቀብረናታል፣ አባባ።»

«የት?»

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ አባቴ አየሁ። ከቅንጭቡ ወዲህ ጥጉ ላይ አልኩት። ማን እንዳጠባት፣ ማን እንደቆፈረላት፣ ዝናብ እንደነበረ ነገርኩት። የበርበሬውንም ነገርኩት። እየሰማኝ ነበር።

«እንዴት አስተኟት?» አለኝ።

«በቀኝ ጎኗ። ፊቷን ወደ ሰሜን አድርገው።»

ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳበ። «ወደዚያ ማን አለ?»

«ማንም የለም፣ አባባ። ባዶ ነው።»

አላለቀሰም። እጁን ዘርግቶ ጉልበቴን መታ መታ አደረገና አስተኙኝ አለ። በማግስቱ ምሽት ረስቶት ነበር፤ ከመጀመሪያው ጠየቀ፣ ከመጀመሪያው ነገርኩት። በየምሽቱ ወደዚያ ማን አለ ይለኛል፤ በየምሽቱ ባዶ ነው እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ጥያቄው ሳይመጣ ሲዘገይ ራሴን ስጠብቀው አገኘው ነበር።

ክረምቱ ወጣ። ወልቂጤ ተመልሼ ማስተማር በጀመርኩ በጥቂት ሳምንታት ወንድሜ ደወለ። በሚኒባስ ስደርስ የአባቴ አስከሬን ገና ከአልጋው አልተነሳም ነበር። ሽማግሌው ቃላቸውን ጠብቀው ነበር፤ ቦታው ተይዞለታል። የእኛ ቆፋሪዎች ሲደርሱ የገበሬው ልጅ ከልጆቹ ጋር ቀድሞ መጥቶ መቆፈር ጀምሮ አገኙት። ከጉብታዋ በሰሜን በኩል፣ ባሳየሁት ቦታ ላይ።

ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ሰዎቹን ከክፍሉ እንዲወጡልን ለመንናቸው። እኔና ወንድሜ ብቻችንን ቀረን። አባቴን በግራ ጎኑ አጋደምነው። ተመልሶ በጀርባው እንዳይተኛ ትራሱን ከጀርባው አስደገፍንለት፣ ጋቢውንም አለበስነው። ወንድሜ ክዳኑን ዘጋው።

መቃብሩ አፍ ላይ ሽማግሌው ራስጌውን በየት በኩል እናድርገው ብለው ጠየቁኝ። ወደ ምሥራቅ አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። ሳጥኑን በገመድ ማውረድ ሲጀምሩ ግን አንደኛው ወጣት፣ «ኧረ ሸክሙ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ አስተካክሉት!» ብሎ ጮኸ።

ወደ እናታችን በኩል እንደሚያጋድል የምናውቀው እኔና ወንድሜ ብቻ ነበርን።